ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ፎርዊል መኪና በአለትና በኮረኮንች መንገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች ምንም ላልተጨመረባቸው መኪኖች ናቸው፤ ባሌስትራቸው ከፍ ላላለ፣ ጎማቸው ላልተለቀ፣ ዊንች (በሞተር የሚሳብ የመጎተቻ ገመድ) ለሌላቸው። በምሳሌነት የያዝነው በአገራችን በብዛት የሚሄዱትን ላንድክሩዘር ሀርድቶፕ፣ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ጂምኒን ነው። መንገዱም የታወቀ ነው፦ የአፋር የእሳተ ገሞራ አለት፣ የደጋው ኮረኮንች፣ በጋ ላይ መንገድ የሚሆን የደረቀ ወንዝ።

ምንም ያልተጨመረበት መኪና በእርግጥ አለት ይወጣል?

ይወጣል። ከባድ ማርሽ (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው)፣ ጤነኛ ጎማና የማይቸኩል ሾፌር እስካሉት ድረስ ሰው የሚመላለስባቸው አብዛኞቹ የድንጋይ መንገዶች ይታለፋሉ። ወሰኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ደረጃ ቁመቱ ከጎማው ቁመት ሲሶ ካለፈ ድንጋይ ደልድሎ እንጂ በጉልበት አይወጣም። የተለመደ ጎማ ቁመቱ 78 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሲሶው 26 ሳንቲ ሜትር ነው።

መኪና በአለት ላይ የሚጎዳው በአብዛኛው በሦስት ነገር ነው፦ በፍጥነት፣ በጎማው ጎን፣ ከስር ባለው ሆዱ። ከታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እነዚህን ሦስቱን ስለ መጠበቅ ነው።

መኪናዬ እውነተኛ ፎርዊል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከጀርባው በተለጠፈው ጽሑፍ አይደለም። ጋቢና ውስጥ «ኤል 4» የሚል ምልክት ያለው ሁለተኛ የማርሽ ዘንግ ወይም ማዞሪያ ካለ ከባድ ማርሽ አለው ማለት ነው። ራቭ ፎርን የመሳሰሉት መኪኖች አራቱንም እግር ሊያንቀሳቅሱ ቢችሉም ይህ ማርሽ የላቸውም። ለጭቃ መንገድና ለጠጠር ይበቃሉ፤ አለት ላይ ግን ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ክፍል ይግልና ራሱን ለመጠበቅ ሥራ ያቆማል፤ ይህም የሚሆነው ብዙ ጊዜ ዳገቱ መሃል ላይ ነው።

ሀርድቶፕ፣ ሃይሉክስና ጂምኒ በፈለግን ጊዜ ብቻ ኃይል ወደ ፊት እግሮች የምንልክባቸው ናቸው። በፊትና በኋላ እግር መካከል የፍጥነት ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል ስለሌላቸው ደረቅ አስፋልት ላይ በኤች 4 (አራቱንም እግር በተለመደው ፍጥነት በሚያንቀሳቅሰው ማርሽ) አይነዱም። ቢነዱ መሪው ይከብዳል፣ ጎማ ይበላል፣ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ። አለት ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ውጥረቱን ስለሚያረግበው ችግር የለውም። ፕራዶ ግን ሁልጊዜ በአራት እግሩ ነው የሚሄደው፤ የመሃል ዲፈረንሻሉን መቆለፊያ አለት ውስጥ ከመግባትዎ በፊት መጫን አይርሱ።

የድሮዎቹ ሀርድቶፖች በፊት እግሮቻቸው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አላቸው። ሁለቱንም ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» ያዙሩ። አንዱ ከተረሳ የፊት እግር ምንም አይጎትትም፤ ዘንጉ ኤል 4 ላይ ስለሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ጉልበት ለብቻው በኋላው ላይ ያርፋል። የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ የሚረግፈው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ከመነሳቴ በፊት ምን ልለካ?

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሜትር ይዘው ከስሩ ይግቡ። ከመሬት እስከ ኋላ ዲፈረንሻል ሆድ፣ እስከ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ዝቅተኛ ቦታ፣ እስከ ነዳጅ ታንኩ፣ እስከ ፊት መከላከያ ከንፈር ድረስ ይለኩ። ጎማቸው ያልተቀየረ መኪኖች ላይ የዲፈረንሻሉ ሆድ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ይህ አንድ ስንዝር ነው። የራስዎን ስንዝር አንድ ጊዜ በሜትር ይለኩት፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሜትር አያስፈልግም። መዳፍዎን ዘርግተው አውራ ጣትዎን መሬት ላይ፣ ትንሿን ጣት ወደ ድንጋዩ አናት ያድርጉ። ድንጋዩ ከስንዝርዎ ካለፈ በሁለቱ እግሮች መሃል አይሰደድም።

ከጎን ያለው መወጣጫ ብረት ወይም ፕላስቲክ ከሻንሲው ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል መጀመሪያ አለት የሚነካው እሱ ነው። በብሎን የታሰረ ከሆነ ለጉዞው ይፍቱት። ከኋላ ያለው የመጎተቻ ኳስም እንዲሁ ይወልቅ።

ጎማ ውስጥ ስንት ንፋስ ልያዝ?

በብዛት የምንጠየቀው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ለአስፋልት በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ልክ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ29 እስከ 36 ፒኤስአይ ነው፤ ፒኤስአይና ባር የንፋስ ግፊት መለኪያዎች ናቸው፣ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ሞገድ ለሠራ ፒስታ መንገድ ከዚያ ላይ 4 ወይም 5 ፒኤስአይ ይቀንሱ። በዝግታ ለሚታለፍ አለት ከ22 እስከ 25 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ1.5 እስከ 1.7 ባር ጥሩ ነው። የኋላው ከባድ ጭነት ካለበት ለኋላ ጎማዎች 4 ፒኤስአይ ይጨምሩ። ከ18 ፒኤስአይ በታች አይውረዱ፤ ጎማው ከቸርኬው ከንፈር ሊወጣ ይችላል።

ንፋስ የሚቀነሰው ለምቾት ብቻ አይደለም። ጠንክሮ የተነፋ ጎማ ሹል ድንጋይ ሲረግጥ በዚያ ጎማ ላይ ያለው ክብደት ሁሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ይበሳል፤ ለስለስ ያለው ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል። ዳገት ላይም የሚይዘው ስፋት ይጨምራል። በሌላ በኩል ንፋሱ ሲቀንስ የጎማው ጎን ያብጣል፣ የመኪናው ሆድም ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የጎማው ጎን ደግሞ ቀጭኑ ቦታ ነው። ስለዚህ እንደ ኤርታሌ ዙሪያ ባለው፣ ጠርዙ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ በሆነ ጥቁር አለት ላይ ከ25 ፒኤስአይ በታች ባይወርዱ እንመክራለን። ክብ ክብ ድንጋይ ባለበት የወንዝ ወለል ላይ ግን 22 ይሻላል።

በቀነሱት ንፋስ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አይንዱ። ጎማው ሲተጣጠፍ ይግላል፤ የጋለ ጎማ ደግሞ ከውስጥ ተላልጦ ይፈነዳል። ስለዚህ ከባትሪ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ንፋስ መሙያና አስተማማኝ መለኪያ ሳይዙ ንፋስ አይቀንሱ። ወደ አስፋልት ሲመለሱ ለእያንዳንዱ ጎማ ከ3 እስከ 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሞተሩን ሳያጠፉ ይሙሉ።

ጎማዬ ካላማዳሪ (ንፋስ የሚይዝ የውስጥ ጎማ) አለው፣ ልዩነት ያመጣል?

ያመጣል። ሀርድቶፕ ላይ የሚገኘው 7.50 ባለ 16 ጎማ ብዙውን ጊዜ ባለ ካላማዳሪ ነው። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይሽከረከርና ካላማዳሪውን ይዞት ይሄዳል፤ ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ስለተያዘ ከሥሩ ይቀደዳል። ለዚህ ዓይነት ጎማ ከ28 ፒኤስአይ በታች አይውረዱ። ቫልቩ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ካዩት ካላማዳሪው መሸሽ ጀምሯል ማለት ነው፤ ሳይቀደድ አስፈትተው ያስተካክሉት።

ቸርኬው ባለ ቀለበት ከሆነ ሌላ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ቀለበቱ በደንብ ሳይገባ ጎማው ከተነፋ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ሁልጊዜ ቫልቩን አውጥተው ንፋሱን ጨርሰው ካስወጡ በኋላ ብቻ ይፍቱ። ሲነፉ ቀለበቱ ወደ መሬት ይዙር፣ በቸርኬው ቀዳዳዎች ሰንሰለት ይታሰርበት፣ ማንም ፊት ለፊቱ አይቁም። ጎሚስታው ቸኩሎ ሲዘልለው ካዩ ያስቁሙት።

ከአዲስ አበባ ወደ ዳሎል ስወርድ የጎማው ንፋስ ይለወጣል?

ይለወጣል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይካካሳሉ። ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከባሕር ወለል በታች ሲወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 4 ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ያሳያል። ሙቀቱ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ደግሞ 3 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ወደ ባሌው ሳነቴ አምባ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮቹ ቧሂት ሲወጡ ነገሩ ተገልብጦ ይሆናል፦ ከፍታው 2 ይጨምራል፣ ብርዱ 2 ይቀንሳል። ዋናው ነገር የሚነዱበት ቦታ ደርሰው፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ መለካት ነው። ቀትር ላይ የጋለ ጎማ ለክተው ንፋስ ካወጡ በማግስቱ ጠዋት ከሚገባው በታች ወርዶ ያገኙታል።

ኤል 4ን መቼ ላስገባ?

ከድንጋዩ በፊት። መሃል ላይ ከተያዙ በኋላ ማስገባት ሁሉንም ነገር ያከብደዋል። መኪናውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ፤ ፍሪሲዮን ይርገጡ ወይም አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፤ ከዚያ ዘንጉን ያስገቡ። እምቢ ካለ አይታገሉት፤ አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበሉና ይሞክሩ፤ ጥርሶቹ ሲገጣጠሙ ራሱ ይገባል።

በኤል 4 ጉልበቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይጨምራል፣ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሀርድቶፕ በኤል 4 አንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይሳባል። ከሰው እርምጃ ያነሰ ነው። አለት ላይ የሚፈለገው ፍጥነት ይኸው ነው። እግርዎን ከፍሪሲዮን ላይ ያንሱና መኪናው ራሱ ይሂድ። በግማሽ ፍሪሲዮን ዳገት የሚገፋ ሰው የተቃጠለ ሽታ እስኪሸተው ብዙ አይቆይም፤ እዚያ ቦታ ላይ የፍሪሲዮን ዲስክ የሚሸጥ የለም።

ትልቅ ድንጋይ ከፊቴ ቢገጥመኝ እንዴት ልለፈው?

ይውረዱና በእግርዎ ይሂዱበት። ከጋቢና የሚታየው ኮፈኑና ሰማዩ ነው። በእግር ሲሄዱ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የፊት እግሮች የሚረግጡበትን፣ የኋላ እግሮች የሚከተሉበትን፣ ሆዱ የሚያልፍበትን። መታጠፊያ ላይ የኋላ እግር የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። የፊቱ በሰላም ያለፈው ድንጋይ የኋላውን ጎማ ጎን የሚቀደው በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ሕግ ይህ ነው፦ ከስንዝር የሚበልጠውን ድንጋይ ጎማው ይርገጠው እንጂ በመሃል አይለፍ። ጀማሪ ሾፌር ጎማው እንዳይጎዳ ብሎ ድንጋዩን በሁለቱ እግሮች መሃል ያሳልፈዋል፤ ከዚያ የሚሰማው የዲፈረንሻሉን ወይም የኮፓውን (የሞተር ዘይት መያዣውን) ድምፅ ነው። ጎማ ድንጋይ ለመርገጥ የተሠራ ነው፤ ኮፓ አይደለም። የሚረገጠው ግን የጎማው ፊት እንጂ ጎኑ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ጎማው ድንጋዩን ቀስ ብሎ ይንካ። ሲነካ መኪናው ትንሽ ይገታል፤ እዚያ ላይ ነዳጅ በስሱ፣ እየጨመሩ እንጂ በአንድ ጊዜ አይርገጡ። ጎማው እየታቀፈ ሲወጣ ኮፈኑ በአንድ ጎን ቀና ይላል። አናቱ ላይ ሲደርስ ነዳጁን ለቀው ፍሬኑን በስሱ ይያዙ፤ እንዲወርድ እንጂ እንዲወድቅ አይፍቀዱለት። አብዛኛው ስብራት የሚመጣው በመውጣት ሳይሆን በዚህ መውደቅ ነው። የኋላ እግርም በተራው ይኸንኑ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ፊቱ ሲያልፍ «ተገላገልኩ» ብሎ ነዳጅ ይረግጥና ማርሚታውን ድንጋዩ ላይ ይተወዋል።

የድንጋይ ደረጃ ሲሆን ሁለቱንም የፊት እግሮች በአንድ ጊዜ አያስመቱ። ትንሽ አግድም ይዘው አንዱ ጎማ ከወጣ በኋላ ሌላው ይከተል። መኪናው በጎን የሚያዘነብልበት ቦታ ከሆነ ግን አግድም መያዝ ለመገልበጥ ያጋልጣል፤ እዚያ ላይ ድንጋይ ደልድሎ በቀጥታ መውጣት ይሻላል። ለመደልደል ጠፍጣፋና ማዕዘን ያለው ድንጋይ ይምረጡ፤ የወንዝ ክብ ድንጋይ ከጎማ ሥር ተፈናጥሮ ሰው ይመታል። የድልድሉ ርዝመት የደረጃውን ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን፣ ከደረጃው ወዲያ ማዶም መውረጃ ይሠራለት።

መሪውን ሲይዙ አውራ ጣቶችዎ ከመሪው ውጭ ይሁኑ። ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው በኃይል ይዞርና ውስጥ የገባን ጣት ይሰብራል። መስኮቱን ይክፈቱ፣ ሬዲዮኑን ያጥፉ፤ ከስር የሚመጣውን ድምፅ ገና ሲጀምር ከሰሙት ብቻ ነው አነዳድዎን ለማስተካከል ጊዜ የሚኖርዎት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። የኋላ አክሱሉ አንድ ወጥ የሆነ መኪና ላይ የዲፈረንሻሉ ከፍታ አይለወጥም፤ በሃይሉክስና በፕራዶ ፊት በኩል ግን እግሮቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ፣ መኪናው ቁልቁል ሲወድቅ የፊት ሆዱ ወደ ድንጋዩ ይጠጋል። ሜዳ ላይ የለኩት ቁጥር በፍጥነት ሲነዱ አይሠራም የምንለው ለዚህ ነው።

አንድ ጎማ አየር ላይ ሆኖ ይሽከረከራል፣ መኪናው አይሄድም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ነዳጁን ይልቀቁ። ያልተቆለፈ ዲፈረንሻል ኃይሉን የሚልከው ወደሚቀለው እግር ነው፤ አየር ላይ ያለውን አብዝቶ ማሽከርከር መሬት ያለውን አያንቀሳቅሰውም። በኃይል እየተሽከረከረ ድንገት መሬት ከነካ ደግሞ የውስጥ ዘንጉ ይቆረጣል።

የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ካለዎት፣ ጎማዎቹ ቆመው ሳለ ይጫኑት። መብራቱ ከብልጭ ድርግም ወደ ቋሚ እስኪሆን ጥቂት ፈቀቅ ይበሉ። በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በታች፣ በቀጥታ ይሂዱ፣ እንዳለፉ ይፍቱት። ተቆልፎ ሳለ መሪ አይታዘዝም።

መቆለፊያ ባይኖርም አዳዲሶቹ ቶዮታዎች የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይዘው ኃይሉን ወደ ሌላው ይልካሉ። ይህ እንዲሠራ ነዳጁን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለሁለት ሦስት ሰከንድ መያዝ ያስፈልጋል። «ገርር» የሚል ድምፅ ሲሰማ ብዙ ሰው የተሰበረ መስሎት ይለቃል፤ ያ ድምፅ የሥራው ድምፅ ነው። ሁለቱም ከሌለ አየር ላይ ባለው ጎማ ሥር ድንጋይ ይሙሉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ምንም አይሰብርም።

ዳገት መሃል ላይ ሞተሩ ቢጠፋብኝስ?

ፍሪሲዮን አይርገጡ። የእግር ፍሬኑን አጥብቀው ይያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጠው የኋላ ማርሽ ያስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። አሁን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞታል። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን በመስኮት ብቅ ብለው ይዩ። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ በቁልፍ የሚነሳ የድሮ መኪና ከሆነ፣ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ለቀው ቁልፉን ያዙሩ፤ ተነስቶ በኤል 4 የኋላ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አዳዲሶቹ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይነሱም፤ እነሱን ፍሬን ላይ ይዘው ያስነሱና ፍሪሲዮኑን ለቀው ይውረዱ።

በምንም ምክንያት ዳገት ላይ ለመዞር አይሞክሩ። መኪና ከዳገት ላይ የሚገለበጠው አግድም ሲሆን ነው።

ቁልቁለት ስወርድስ?

በኤል 4፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ተነስቶ። ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን ለድንጋዩ መውረጃ ብቻ በስሱ ይጨመር። ጎማዎቹ ተቆልፈው መንሸራተት ከጀመሩ ደመ ነፍስ ፍሬን አጥብቅ ይላል፤ የሚያድነው ግን ፍሬኑን ለቅቆ ነዳጅ ትንሽ መንካት ነው፣ ጎማው ሲዞር መሪ ይመለሳል።

አመልካች ሰው ያስፈልጋል?

አዎ፣ አንድ ብቻ። አምስት ሰው «ወደ ቀኝ! ወደ ግራ!» ሲል ሾፌሩ የማንንም አይሰማም። አመልካቹ ከመኪናው ፊት ከ5 እስከ 6 ሜትር ርቆ፣ ሁለቱንም የፊት ጎማ በሚያይበት፣ ከመኪናው ከፍ ባለ ቦታ ይቁም። ምልክቱን ከመጀመራቸው በፊት ይስማሙ፤ ጭብጥ የሆነ እጅ ማለት «ቁም» ነው። ሾፌሩ አመልካቹን ካላየው መቆም አለበት። ወደ ኋላ እየሄደ የሚያመለክት ሰው ስለሚወድቅ፣ ቆሞ ያመልክት፣ መኪናው ሲቆም ቦታ ይቀይር። በአካባቢው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ካለ ከማንም ይልቅ እሱን ይመኑ።

ሆዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሌላ መኪና ላስጎትት?

መጀመሪያ አይደለም። ጭቃ ውስጥ የተያዘ መኪና ይጎተታል፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ይነሳል። ከጎተቱት ድንጋዩ ኮፓውን፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውን ወይም ታንኩን እየላጠ ያልፋል።

ቆመው የሚቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ይደግፉ። ክሪኩን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነና ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ጣውላ ላይ ያስቀምጡ፤ በባዶ አለት ላይ ክሪክ ይንሸራተታል። ከአክሱሉ ወይም ከሻንሲው ሥር አንስተው ከጎማው በታች ድንጋይ ይሙሉ፣ ያውርዱ፣ ሌላውን ጎማ ይቀጥሉ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር እጅም ጭንቅላትም አያስገቡ።

መጎተት የግድ ከሆነ ከሻንሲው ጋር የተበየደ ወይም በወፍራም ብሎን የታሰረ መንጠቆ ይጠቀሙ። በፊት በኩል ያለው ቀጭን ቀለበት ብዙ ጊዜ መኪናው በመርከብ ሲመጣ ለማሰሪያ የተሠራ ነው፤ ለመጎተት አይበቃም። የመጎተቻ ኳስ ላይ ገመድ አያስሩ፤ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይበራል። ገመዱ መሃል ላይ ብርድ ልብስ ወይም ከባድ ጃኬት ይጣሉበት፣ ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ።

የጎማው ጎን ቢቀደድ ይጠገናል?

በሚሰካ ጎማ መጠገኛ የሚደፈነው የጎማው ፊት ላይ ያለ ቀዳዳ ነው። ጎኑ ሲራመድ ስለሚተጣጠፍ አይያዝም። ሁለት ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ይያዙ የምንለው ለዚህ ነው፤ አፋር ላይ አንድ ስኮርታ ይዞ መግባት ልክ አይደለም። ሁለቱም ካለቁ፣ ከውስጥ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ቁራጭ አድርገው ካላማዳሪ ይክተቱበት፤ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ሳይበልጡ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል። ለቱብለስ ጎማዎም ቢሆን አንድ ልከኛ ካላማዳሪ ከዕቃዎ ጋር ይኑር። ስኮርታው ፖርቶመጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ከሚሆን ግን ከኋላ በር ላይ ቢሆን ይሻላል፤ አናት ላይ የተጫነ ጎማና ጀሪካን መኪናውን በጎን ዝንባሌ ላይ ይጥለዋል። 20 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 17 ኪሎ ያህል ነው፤ አራት ጀሪካን ማለት አንድ ትልቅ ሰው አናት ላይ ማስቀመጥ ነው።

ከፍታ ላይ መኪናዬ ይደክማል። ተበላሽቶ ይሆን?

ተርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ) የሌለው ሞተር ከሆነ አይደለም። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ናፍጣው ሳይቃጠል ስለሚቀር ጥቁር ጭስ ይወጣል። ነዳጅ መርገጥ ጭሱን ብቻ ነው የሚጨምረው፤ በጊዜ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ። ከጎባ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወጣው መንገድ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ ጠጠር እንጂ ከባድ አለት ስላልሆነ ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። እዚያ ከመንገዱ ወጥቶ በሣሩና በጅብራው መካከል መንዳት ግን በፍጹም አይገባም። የሳነቴ ቀይ ቀበሮ የሚበላው ያን ሣር ሥር የሚኖረውን አይጥ ነው፤ የጎማ ዱካ ደግሞ በዚያ ብርድ ለዓመታት አይጠፋም።

የወንዝ ወለል ላይ ስሄድ ምን ልጠንቀቅ?

ውሃ ካለ ጫማዎን አውልቀው በዱላ ይለኩ። ከጎማው ግማሽ ካለፈ በተራ መኪና አይሞከር። ረጅም መንገድ የሄደ ዲፈረንሻል ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በመተንፈሻው ውሃ ይስባል፤ ከመግባትዎ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ያሳርፉት። ዘይቱ በኋላ ሻይ በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ይቀየር። የደረቀ ወንዝም አይታመንም፦ ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ወንዝ ውስጥ አይደሩ፣ ምሳም አይብሉበት።

ከዋልካ መሬት ወጥተው አለት ከመውጣትዎ በፊት የጎማውን ጥርስ ያጽዱ። ዋልካ የሞላው ጎማ እንደ ምጣድ የለሰለሰ ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ልሞክረው?

ባለ አራት እግር መኪና ቢሆንም አንመክርም። ባትሪው በሆዱ ሙሉ ተዘርግቶ የተቀመጠ ነው፤ ከመሬት ያለው ከፍታም ብዙ ጊዜ ከስንዝር በታች ነው። ለጠጠር መንገድ ይበቃል፤ ባትሪውን በድንጋይ መምታት ግን ከማንኛውም ኮፓ በላይ ውድ ስህተት ነው።

ከተመለስኩ በኋላ ምን ልፈትሽ?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ በእጅ ያለው መኪና ዕድሜ መርዘም አለበት። ስለዚህ ሳይታጠብ፣ ዘይት የፈሰሰበት አቧራ ሳይጠፋ ከስሩ ይግቡ። አቧራ የያዘ እርጥብ ቦታ ሁሉ ይናገራል፦ ሾክ አብዞርበር ላይ ከሆነ ፈስሷል፣ ከጎማው ውስጠኛ ጎን ከሆነ የፍሬን ዘይት ወይም የአክሱል ሲል ነው።

የባሌስትራውን መሃል ብሎንና ዩ ቅርጽ ያላቸውን ማሰሪያዎች ይመልከቱ፤ ከአለት በኋላ ይላላሉ። ባሌስትራው ላይ አንዱ ቅጠል ከሌሎቹ ወጣ ብሎ ከታየ መሃል ብሎኑ ተቆርጧል፣ አክሱሉም ወደ ኋላ ሸሽቷል። የፊት እግር ዘንጎችን የሚሸፍነው ጎማ ከተቀደደ ቅባቱ በዙሪያው ተረጭቶ ይታያል፤ በዚያው ሳምንት ይቀየር፣ አቧራ ገብቶ ከቆየ ዘንጉ ራሱ ይሄዳል። ካርዳኑን (ኃይል ወደ አክሱል የሚያስተላልፈውን ረጅም ዘንግ) በእጅ ይዘው ያወዛውዙ፤ «ቀጭ» ካለ ክሮቼራው (የዘንጉ መገጣጠሚያ) አልቋል። አስፋልት ላይ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ የመሪ ዘንግ ታጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ካልተስተካከለ ጎማው ቶሎ ጠርዙን ይበላል።

የጎማ ዳዶዎችን በመጨረሻ ያጥብቁ፣ መንገድ ላይ የቀየሩት ጎማ ካለ 50 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና።